የቴኳንዶ አቋቋም በራስ ትከሻ ይለካል

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ፣ ማታ ማታ የቴኳንዶ ሥልጠና ባለበት ግቢ ደጃፍ ያለፈ ሰው «ዝቅ በል! እግርህን ክፈት!» የሚለውን ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ትእዛዙ ስህተት የለበትም፤ ልኩን ግን አይናገርም። የ10 ዓመቱ ልጅም የ30 ዓመቱ ጎልማሳም ፊት ለፊት የቆመውን ጥቁር ቀበቶ እያዩ እኩል ሊከፍቱ ይሞክራሉ። ልጁ ከአቅሙ በላይ ተንጠራርቶ ተረከዙ ይነሳል፤ ረጅሙ ጎልማሳ ደግሞ ጠብቦት ጉልበቱ ሳይታጠፍ ይቀራል። በኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን፣ ሁላችንም አይቲኤፍ በምንለው፣ ልኩ ተወስኗል፤ መለኪያው የሠልጣኙ የራሱ ትከሻ ነው። ጓደኛም ሆነ የስልክ ቪዲዮ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ትከሻችሁን ለኩ። ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ፣ እጃችሁን ዘና አድርጋችሁ ቁሙ። ሌላ ሰው በግራና በቀኝ ትከሻችሁ ዳር በኩል ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት አንድ ትከሻ ነው። ሲባጎ ወስዳችሁ በዚያ ልክ አንድ ቋጠሮ፣ ግማሹን ጨምራችሁ ሌላ ቋጠሮ አድርጉበት። ትከሻው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ቋጠሮዎቹ 40 እና 60 ላይ ይወድቃሉ፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ደግሞ 30 እና 45 ላይ። ሲባጎው የማይለጠጥ ይሁን፤ ናይለን ነገር ሲወጠር ልኩ ይጠፋል። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ በየስድስት ወሩ እንደገና ይለካ። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ትከሻው 40 ለሆነ ሰው ነው የማሰላቸው።

ከመነሻው እንጀምር፤ ሶጊ ማለት አቋቋም ነው። ቻርዮት ሶጊ፣ ማለትም የሰላምታው ቀጥ ያለ አቋቋም፣ ተረከዝ ለተረከዝ ገጥሞ የጣቶቹ መሐል 45 ዲግሪ ይከፈታል። ናራኒ ጁንቢ ሶጊ የዝግጁነት አቋቋም ነው፤ ሁለቱ እግሮች ትይዩ ሆነው በትከሻ ልክ ይከፈታሉ። ቡጢዎቹ እርስ በርሳቸው 5 ሳንቲ ሜትር፣ ከሆድ ደግሞ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃሉ። እዚህ ላይ ብዙ የሚከብድ ነገር የለም፤ የእግር ጣት ወደ ውጭ እንዳይበተን ብቻ ተጠንቀቁ።

ሥራው የሚጀምረው ጉኑን ሶጊ ላይ ነው፤ በየጂማችን ዎኪንግ ስታንስ የምንለው። ርዝመቱ ከአውራ ጣት እስከ አውራ ጣት አንድ ተኩል ትከሻ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዱ ከአንዱ እግር መሐል እስከ ሌላው እግር መሐል አንድ ትከሻ፣ 40 ሳንቲ ሜትር። ክብደት እኩል ለእኩል፣ 50 በ50። የፊተኛው እግር ጣት ቀጥ ብሎ ወደፊት ያያል፤ ጉልበቱ የሚታጠፈው የጉልበቱ ሎሚ ከተረከዙ ትክክል በላይ እስኪመጣ ብቻ ነው። የኋላው ጉልበት ቀጥ ይላል፤ የኋላው እግር ጣቶች 25 ዲግሪ ወደ ውጭ ይዞራሉ። ሁለቱም ተረከዞች መሬት ይይዛሉ። በሁለቱም እግር ወለሉን እርስ በርስ እንደመሳብ አድርጋችሁ አጥብቁ።

ይህን ለማረጋገጥ ወለሉ ላይ 60 በ40 የሆነ ሣጥን በጠመኔ ሥሩ። ከዚያ ሲባጎው ጫፍ ላይ ትንሽ ጠጠር እሰሩና ከጉልበት ሎሚ ላይ ወደ ታች ልቀቁት። ጠጠሩ ተረከዝ አጠገብ ከወረደ ልክ ነው። ጣቶች ላይ ከወረደ ጉልበቱ አልፏል፤ ክብደቱም ከ50 በላይ ፊት ላይ ተጭኗል፤ ሠልጣኙ የፊቱን እግር ለማንሳት መጀመሪያ ወደኋላ መመለስ ስለሚኖርበት ይዘገያል። ጠጠሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ አውራ ጣት በኩል ካዘነበለ ደግሞ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ወድቋል። ይኼኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የጉልበትን የውስጥ ጅማት ይጎትታል፤ ጉዳቱም በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው የሚታየው።

ወርዱን መርሳት ዋናው ጥፋት ነው። ጀማሪ ርዝመቱን ለማግኘት ሲጣደፍ በገደል አፋፍ ጠባብ መንገድ እንደሚሄድ በቅሎ ሁለቱን እግሮች በአንድ መስመር ላይ ያስቀምጣል። ከፊት ሲያዩት ያምራል፤ ከጎን በሁለት ጣት ትከሻውን ገፋ ቢያደርጉት ግን ይንገዳገዳል። ፈተናው ይኸው ነው፦ ቆሞ እያለ ከጎን ቀስ ብላችሁ ግፉት። 40ው ወርድ ካለ ይችለዋል። ከሌለ እግሩን ሳያነሳ አይቆምም፤ ቡጢውም መሬት የያዘ መሠረት ስለሌለው ከትከሻ ብቻ ይወጣል።

የኋላው እግር ላይ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደፊት የሚያዞር ሰው ባቱ ይወጠርና ተረከዙ ይነሳል። «ማስተር፣ ባቴን ወጠረኝ» የሚል ልጅ ካለ መልሱ «አብሽር፣ ጣትህን ትንሽ ወደ ውጭ፣ ተረከዝህን መሬት» ነው እንጂ «ቻል» አይደለም። ሌላው ጣቱን 60 ወይም 90 ዲግሪ ይከፍታል፤ ያኔ ዳሌው ከፊት ይሸሻል፤ በግድ ዳሌውን ወደፊት ሲመልሰው ጠመዘዛው የኋላው ጉልበት ላይ ያርፋል። 25 ዲግሪ በዓይን ለመገመት የሚያስቸግር ከሆነ አንድ ወረቀት ማዕዘኑ ላይ እጠፉት፤ የ90 ዲግሪው ግማሽ 45 ይሆናል፣ የ45ቱ ግማሽ 22 ተኩል። ለ25 በቂ ቅርበት አለው፤ በጠመኔ አስምሩበት።

ወደ ኒዩንጃ ሶጊ፣ ወደ ኤል ስታንስ እንለፍ። ከጀማሪ ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ ከዎኪንግ ይልቅ እዚህ ላይ ቢዘገይ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ልኩ የሚወሰድበት ቦታ የተለየ ነው። አንድ ተኩል ትከሻው፣ 60ው፣ የሚለካው ከኋለኛው እግር የውጭ ጠርዝ እስከ ፊተኛው እግር ጣት ጫፍ ነው። የሁለቱም እግሮች ርዝመትና ወርድ እዚያ ውስጥ ይካተታል። እግሩ 25 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ 10 ገደማ የሆነ ሰው ከኋላው እግር የውስጥ ጠርዝ እስከ ፊተኛው ተረከዝ የሚተርፈው ባዶ ቦታ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህ በላይ ይከፍታል። ከከፈተ በኋላ 70 በመቶውን ክብደት ኋላ ላይ ማኖር አይችልም፤ ወደ መሐል ይወድቃል፤ አቋቋሙም ሳያውቀው ሌላ ይሆናል።

ክብደቱ 70 ኋላ፣ 30 ፊት ነው። ሁለቱም እግሮች 15 ዲግሪ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚኖረው ማዕዘን ሙሉ 90 አይሆንም፣ ጠበብ ይላል። የኋላው ጉልበት ሎሚው ከጣቶቹ በላይ እስኪመጣ ይታጠፋል፤ የፊተኛው በዚያው መጠን ለዘብ ብሎ ይታጠፋል። የፊተኛው ተረከዝ ከኋለኛው ተረከዝ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይቀመጣል፤ ይህችን ትንሽ ልዩነት የዘለለ ሰው ከጎን ሲገፋ አይችልም። ደረት ግማሽ ጎኑን ለተጋጣሚ ይሰጣል፤ ሙሉ በሙሉ አይጋፈጥም።

እዚህ የሚበላሸው የኋላው ጉልበት ነው። ክብደት ሲጫነው ወደ ፊተኛው እግር አቅጣጫ ያጋድላል፤ መቀመጫ ደግሞ ወደኋላ ይወጣል። አንድ ቀላል መፍትሔ አለ፦ ሠልጣኙ የኋላ ተረከዙንና መቀመጫውን ለግድግዳ አስጠግቶ ይቁም፤ መቀመጫው ግድግዳውን ከገፋ ወጥቷል ማለት ነው፤ ዳሌውን ሰብስቦ ወደ ታች ይውረድ እንጂ ወደኋላ አይቀመጥ። ክብደቱን ለመፈተሽ ደግሞ «የፊት እግርህን አንሳ» በሉት። ትንሽ ብቻ ወደኋላ ሳብ ብሎ ካነሳው 70 አካባቢ ነው። ወገቡን አወዛውዞ ካልሆነ በቀር ካልተነሳለት ወደ 50 ወርዷል። ምንም ሳይንቀሳቀስ ካነሳው ደግሞ አልፎ ሄዷል፤ ይህ ክብደቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኋላ የሚያርፍበት፣ የድዊትባል ሶጊ ክብደት ነው። የኤል ስታንስ ጥቅሙ ሁሉ የፊተኛው እግር ለርግጫ ዝግጁ መሆኑ ላይ ስለሆነ ይህ ፈተና ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ስሙ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀኝ ዎኪንግ ስታንስ ሲባል ቀኝ እግር ፊት ነው። ቀኝ ኤል ስታንስ ሲባል ግን ቀኝ እግር ኋላ ነው፤ ክብደቱን የተሸከመው እሱ ስለሆነ። የቀበቶ ፈተና ላይ ፈታኙ በቃል ሲያዝ ነጭና ቢጫ ቀበቶ የሚደናገረው እዚህ ነው። ልጆችን ቀበቶ ከማስፈተናችሁ በፊት እንቅስቃሴ ሳትጨምሩ በቃል ብቻ «ቀኝ ኤል! ግራ ዎኪንግ! ግራ ኤል!» እያላችሁ አሠሯቸው።

አኑን ሶጊ፣ ሲቲንግ ስታንስ፣ ለመግለጽ ቀላል፣ ለመቆም ከባድ ነው። እግር ወደ ጎን ይከፈታል፤ ከአውራ ጣት እስከ አውራ ጣት አንድ ተኩል ትከሻ፣ 60። ጣቶች ቀጥ ብለው ወደፊት ያያሉ፤ ክብደት 50 በ50። ጉልበቶች ወደ ውጭ ተገፍተው ሎሚያቸው ከጣቶች ሥር ካለው ወፍራም መርገጫ በላይ እስኪመጣ ይታጠፋሉ። ጭን ሲደክም መጀመሪያ የሚሸሹት ጣቶች ናቸው፤ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ቀጥሎ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፤ ከዚያ ወገብ ወደፊት ይጎነበሳል። ሦስቱም ከታዩ ያ ዙር አብቅቷል፤ የተበላሸ አቋቋምን አንድ ደቂቃ ማስቆም የተበላሸውን ማስለመድ ነው። ለጀማሪ 30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ በመሐሉ አንድ ደቂቃ እረፍት ይበቃል። ሳይዛነፍ ከቻለው በየሳምንቱ 10 ሰከንድ ጨምሩ። እስከ ሁለት ደቂቃ የደረሰ ሰው ከዚያ በኋላ ቆሞ ከሚቆጥር ቡጢ እየሰነዘረ ቢቆም ይጠቅመዋል።

ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ያለ ልጅ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለችው አጥንት አብጣ ሲነኳት የምታመው ከሆነ ይህን ረጅም ቁመት አቁሙለት። አጥንቱ በፍጥነት በሚያድግበት ወቅት ጅማቱ የሚያያዝበት ቦታ ነው የሚቆጣው። አጭር አጭር እያደረገ ሌላውን ይሥራ፤ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። ስንፍና አይደለም፤ ማንም ቢሆን እንደዚያ ብሎ ሊያሸማቅቀው አይገባም።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ጾሙን ማሰብ ግድ ነው። በአንድ ሰልፍ ውስጥ በረመዳን ውሃ ያልቀመሰው ከዐቢይ ጾመኛው ጎን ይቆማል። ከመግሪብ በፊት የሚሠራ ክፍል ከሆነ ለጾመኞቹ የሲቲንግ ስታንሱን ረጅም ቁመት አውጡት፤ ልክ መውሰዱን፣ መዞሩንና ፓተርኑን፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ የተወሰነውን የእንቅስቃሴ ድርድር፣ በዝግታ ይሥሩ። ጭን የሚያቃጥለው ሥራ ከአፍጥር ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን። በባዶ ሆድ ዝቅ ብሎ ቆይቶ በድንገት ቀጥ ያለ ሰው ያዞረዋል።

የቀሩትን ባጭሩ ላንሳ። ጎጁንግ ሶጊ፣ ፊክስድ ስታንስ፣ ኤልን ይመስላል፤ ግን ክብደቱ 50 በ50 ነው፣ 60ውም ከአውራ ጣት እስከ አውራ ጣት ስለሚለካ በአንድ የእግር ወርድ ያህል ይረዝማል። ዎን-ህዮ በሚባለው ፓተርን ይመጣል፤ ጉቡርዮ ሶጊ የሚባለው፣ ለጎን ርግጫ በአንድ እግር የሚዘጋጁበት አቋቋምም እዚያው ፓተርን ውስጥ አለ። ድዊትባል ሶጊ ክብደቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ኋላ ነው፤ የፊተኛው እግር በጣቶች ሥር ባለው መርገጫ መሬት ይነካል እንጂ አይጫንም። ናጮ ሶጊ እንደ ዎኪንግ ሆኖ በአንድ እግር ርዝመት ይጨምራል። ሁለቱንም ጁንግ-ጉን የሚባለው ፓተርን ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ክዮቻ ሶጊ፣ እግር የሚጣመርበት፣ በዩል-ጎክ ፓተርን መጨረሻ አካባቢ ተዘልሎ የሚወረድበት ነው፤ ክብደቱን አንዱ እግር ብቻ ይሸከማል። እነዚህን ለጀማሪ ቀድሞ ማሳየት አያስፈልግም።

የስልክ ቪዲዮ ነገር። ጀነራል ቾይ ሆንግ ሂ ቴኳንዶ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1955 ከጸደቀ በኋላ አይቲኤፍን በ1966 ሴኡል ላይ መሠረቱ። ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው፣ የኦሎምፒኩ፣ በ1973 እዚያው ሴኡል ተቋቋመ። ሁለቱ በአቋቋም አይስማሙም፤ ያንዱን ቪዲዮ አይቶ የሌላውን ፈተና የሚወስድ ልጅ ነጥብ ያጣል። በወርልድ ቴኳንዶ አፕ ሶጊ የሚባለው የተለመደ አንድ እርምጃ ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶች ቀጥ ይላሉ። በስም «የእርምጃ አቋቋም» ተብሎ ስለሚተረጎም ልጆች ከእኛ ዎኪንግ ጋር አንድ ይመስላቸዋል፤ የእኛው ግን ረጅም ነው። ረጅሙ የእነሱ አፕ ኩቢ ይባላል፤ ክብደቱም ሁለት ሦስተኛው ፊት ላይ ነው፤ በእኛ 50 በ50 ነበር። ድዊት ኩቢ እንደ ኤል 70 በ30 ነው፤ እግሮቹ ግን ሙሉ 90 ዲግሪ ይሠራሉ። ጁቹም ሶጊ፣ የእነሱ ሲቲንግ ስታንስ፣ በሁለት እግር ርዝመት ይለካል፤ በትከሻ አይደለም። ከዚህም በላይ አይቲኤፍ ሲራመድ ሰውነት ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ይላል፤ ወርልድ ቴኳንዶ ፑምሴ፣ ማለትም የእነሱን ፓተርን፣ ሲሠራ ጭንቅላት በአንድ ከፍታ ይሄዳል። ቪዲዮውን ከመክፈት በፊት የማን እንደሆነ ማየት ነው።

ወለሉም የራሱ ጣጣ አለው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ግቢ ብዙውን ጊዜ ዝቅታ አለው፤ ዓይን ግን ለምዶት አያየውም። ባዶ ሃይላንድ መሬት ላይ አጋድማችሁ ልቀቁ፤ ከተንከባለለ ተዳፋት ነው። ተዳፋት ላይ ቁልቁል ዞሮ የሚሠራ ሰው ክብደቱ ሳያውቀው ፊት ላይ ይወድቃል፤ ሽቅብ ሲዞር ደግሞ ባቱ ይወጠራል። በየ10 ደቂቃው ሰልፉን አዙሩት፤ አንድ ወገን ብቻ እንዳይለመድ። በክረምት የረጠበ ሊሾ ላይ ዎኪንግ ስታንስ አታስረዝሙ፤ የኋላው እግር ሸርተት ሲል የሚሰነጠቀው የብሽሽት ጅማት ነው። ደሴ ማለዳ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ከመቆም በፊት ቁርጭምጭሚትና ባትን አምስት ደቂቃ አሙቁ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይረዳል፤ ግን ላብ ወለል ላይ ሲንጠባጠብ በየመሐሉ መወልወል አለበት።

አቋቋሙ ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ ደግሞ ቾን-ጂ የሚባለው ፓተርን ነው። 19 እንቅስቃሴ አለው፤ 15ቱ በዎኪንግ፣ 4ቱ በኤል ስታንስ ይሠራሉ፤ ሲያልቅም ከጀመራችሁበት ቦታ ላይ ያቆማችኋል። ስትጀምሩ በእግራችሁ ዙሪያ በጠመኔ አስምሩና ዓይናችሁን ወደ መሬት ሳትጥሉ እስከ መጨረሻው ሥሩ። ከምልክቱ ወደ ጎን ርቃችሁ ካበቃችሁ ጥፋቱ ከ1 እስከ 4 ወይም ከ9 እስከ 12 ባሉት ውስጥ ነው፤ የጎኑ መስመር የሚሠራው በእነሱ ነው። ወደፊት ወይም ወደኋላ ከራቃችሁ ከ5 እስከ 8 ወይም ከ13 እስከ 19 ባሉት ፈልጉ። አብዛኛው ሰው ከምልክቱ ፊት ያበቃል፤ ምክንያቱም 18ኛውና 19ኛው ወደኋላ እየተራመዱ የሚመቱ ስለሆኑ ሰው የማያየውን መሬት ሲረግጥ ያሳጥራል። እነዚያን ሁለት እርምጃዎች ብቻ ለይታችሁ በሲባጎው እየለካችሁ ደጋግሙ። ሌላው ምክንያት ሲዞሩ የቆመው እግር መንሸራተቱ ነው፤ 3፣ 7፣ 11 እና 15 ላይ ዞራችሁ ስትረግጡ የቆመው እግር ቦታውን ከለቀቀ ቀጣዩ እርምጃ ትክክል ቢሆንም ምልክቱ ላይ አያደርሳችሁም። ዙሩን በጣቶች ሥር ባለው መርገጫ ላይ አድርጉት፤ ተረከዝ ላይ የዞረ ሰው በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይሸሻል፤ አራቱ ዙር ሲደመር ከሣጥኑ ያወጣዋል።